በፈረንሳይ ገጠር በብስክሌት፦ የድንጋይ ጎጆ ፍለጋ ወደ የትኛው አውራጃ ይሂዱ?

በደቡብ ፈረንሳይ ዝርዝር ካርታዎች ላይ ሦስት የላቲን ፊደላትና አንድ ነጥብ (Cab.) ደጋግመው ይታያሉ፤ ሲነበቡ «ካብ» ይላሉ። «ካባን» ለሚለው የፈረንሳይኛ ቃል፣ ማለትም ለጎጆ፣ የተሰጠ ምሕጻር ነው እንጂ ከእኛ ካብ ጋር ዝምድና የለውም። ሆኖም መጀመሪያ ቀን ምልክቱን ተከትዬ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ስደርስ ያገኘሁት ካብ ነበር። ጭቃ የለ፣ ኖራ የለ፣ ማገር የለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተክቦ እስከ ጉልላቱ የተዘጋ ክብ ጎጆ።

እንዲህ ያሉ ጎጆዎች በፈረንሳይ በሺዎች ይቆጠራሉ። ችግሩ አንድ ቦታ አለመሰብሰባቸው ነው። ከአንዱ አውራጃ እስከ ሌላው ብዙ ጊዜ ሩቅ ስለሆነ የአምስት ቀን ፈቃድ ያለው ሰው ሁለቱን በቀላሉ አያዳርስም። መረጃ ሲፈልጉ ደግሞ ቀድሞ የሚመጣው የአንድ መንደር ፎቶ ነው። ብዙ ሰው ያንን አይቶ ይሄድና በጁላይ ፀሐይ ዳገት ላይ እያለከለከ፣ በመኪና ከመጣው ጎብኚ ኋላ ወረፋ ይይዛል። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ፤ ይህን የምጽፈውም ሌላው ሰው ከመሄዱ በፊት አማራጮቹን ጎን ለጎን እንዲያይ ነው።

## ስሙ ብዙ፣ ነገሩ አንድ

በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሉበሮን፣ «ቦሪ» ይሏቸዋል። በደቡብ ምዕራቡ ኬርሲ «ጋርዮት» እና «ካዜል»፣ በኒም ዙሪያ «ካፒቴል»፣ በደቡብ ቡርጎኝ «ካዶል»፣ በአሪዬዥ ተራሮች «ኦሪ»። አሠራሩ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ገበሬው ግድግዳውን እየካበ ይወጣል፤ ከደረት በላይ ሲደርስ እያንዳንዱን ዙር በሥሩ ካለው ዙር ጥቂት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ድንጋዮቹን ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ስለሚያደርጋቸው ዝናቡ ወደ ውስጥ አይሰርግም፣ በጀርባቸው ላይ ይወርዳል። ዙሩ እየጠበበ ሄዶ መጨረሻ ላይ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደፋበታል። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው እጁ ያለበትን ዕውቀት ወዲያው ይለያል። ድንጋይን ያለ ማያያዣ የመካብ ጥበብ በ2018 የፈረንሳይና የሌሎች ሰባት የአውሮፓ አገሮች ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በጋና ክረምት የምላቸውም የእነሱ ናቸው፦ በጋው ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ሞቃቱ፣ ክረምቱ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ቀዝቃዛው ወቅት ነው።)

ስለ ዕድሜያቸው የሚወራውን ሁሉ አይመኑ። ከሮማውያን በፊት የነበሩ ሕዝቦች ቤት ናቸው የሚል ተረት አሁንም አለ። ዛሬ ቆመው የምናያቸው አብዛኞቹ ግን ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ገበሬው ጠፍ መሬት ሲያቀና ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ የት ያድርሰው? አጥር ካበበት፣ የተረፈውን ጎጆ አደረገው። በ1766 የወጣ የንጉሥ አዋጅ ጠፍ ላቀና ሰው ለ15 ዓመት የግብር እፎይታ በመስጠቱ ሥራው ይበልጥ ተፋፍሟል። ጎጆው እረኛ የሚጠለልበት፣ መሣሪያ የሚቀመጥበት፣ ዝናብ የሚያሳልፉበት ነበር፤ በጥቂት ቦታዎች ደግሞ የሚታደርበት።

## መመዘኛዎቹ

ከመኪና ይልቅ በብስክሌት ለሚሄድ ሰው የሚጠቅሙት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። እኔ የምጠይቃቸው እነዚህን ነው።

ጎጆው ከመንገዱ ይታያል ወይ? ይህ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ አውራጃ አምስት መቶ ጎጆ ቢኖረውና ሁሉም ከግል አጥር ጀርባ ቢሆኑ፣ ለብስክሌተኛው አንድም የለው ማለት ነው። ገብቶ ማየት ይቻላል ወይስ ከውጭ ብቻ የሚለውም እዚሁ ይገባል።

ዳገቱ ስንት ነው? ርቀት አያሳስትም፣ ዳገት ግን ያሳስታል። ሻንጣ ለጫነ ጀማሪ 40 ኪሎ ሜትር ሜዳ ከ15 ኪሎ ሜትር አቀበት ይቀላል።

ባቡር ያደርሳል ወይ? በተለይ ለመመለሻው። ብስክሌት ይዞ መንገድ ላይ መቅረት ቀልድ አይደለም።

መንገዱ ምን ዓይነት ነው? ለብስክሌት ብቻ የተከለለ፣ መኪና የሚበዛበት አስፋልት ወይስ ጠጠር?

ሙቀት፣ ንፋስ፣ ውሃ እና ዋጋ። አራቱን አንድ ላይ ያደረግኳቸው ወሳኙ ወቅቱ ስለሆነ ነው። ያው መንደር በሜይ ሌላ፣ በኦገስት ሌላ ነው።

## ሉበሮን፦ ዝነኛው

ከጎርድ ከተማ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የቦሪ መንደር በፎቶ የሚታየው ነው። ሃያ የሚሆኑ ጎጆዎች ተሰባስበው ቆመዋል፤ መኖሪያ፣ የበግ በረት፣ የዳቦ ምድጃ ሳይቀር አለ። ከ1969 ጀምሮ ለዓመታት ታድሶ በ1977 በብሔራዊ ቅርስነት ተጠብቋል። የመግቢያ ትኬት አለው። ገብተው፣ አጎንብሰው፣ ጉልላቱን ከሥሩ ሆነው ቀና ብለው የሚያዩበት አስተማማኝ ቦታ ቢኖር ይህ ነው። በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም።

ለብስክሌት ደግሞ የካላቮን መንገድ አለ። በቀድሞ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ፣ ከሮቢዮን እስከ ሴን-ማርታን-ደ-ካስቲዮን 37 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ መኪና የማይገባበት ነው። አፕትን ያልፋል፤ ከፖን ጁሊየን ድልድይ አጠገብም ያደርስዎታል። ድልድዩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3 ዓመት የተሠራ የሮማውያን ሥራ ሲሆን እስከ 2005 ድረስ መኪና ይሄድበት ነበር። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ መንገድ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ግን ልብ ይበሉ፦ መንገዱ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ ጎጆዎቹ ዳገት ላይ። ወደ ጎርድ ለመድረስ ከሜዳው ወጥተው መኪና በሚያልፍበት አስፋልት መውጣት አለብዎት። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያዩት ሌላ ጎጆ ሁሉ ማለት ይቻላል «የግል ይዞታ» ከሚል ሰሌዳ ጀርባ ነው፤ አንዳንዱ የመዋኛ ገንዳ አጠገብ ቆሞ የአትክልት ስፍራ ጌጥ ሆኗል። ሚስትራል የሚባለው የሰሜን ንፋስ ሲነሣ ቁልቁለት ላይ እንኳ ፔዳል ያስረግጣል። በበጋ ደግሞ በእሳት አደጋ ምክንያት የጫካ መንገዶች በየዕለቱ ሊዘጉ ስለሚችሉ ጠዋት ጠዋት ማጣራት ግድ ነው። የመኝታ ዋጋውን ባላነሣው ይሻላል።

ሉበሮንን ከመረጡ ግን አንድ ምክር አለኝ። የቦሪ መንደሩን ጠዋት ሲከፈት ይዩና ቀሪውን ቀን ለክላፓሬድ አምባ ይስጡት። ከአፕት በስተደቡብ፣ በቦንዮና በሴኞን መካከል ያለ ድንጋያማ ከፍታ ነው፤ ስሙ ራሱ ድንጋይ ከሚል የአካባቢው ቃል የመጣ ነው። በላቬንደር ማሳና በቁጥቋጦ መካከል ጎጆዎቹ ተበትነው ይታያሉ። አንዴ ከወጡ በኋላ ላዩ ሜዳ ስለሆነ እንደ ልብ ይነዳል፤ የጎርድ ግርግርም እዚያ አይደርስም።

## ፔሪጎር ኖዋር፦ ጣሪያው የሚያምረው

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከሳርላ ከተማ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሴንት-አንድሬ-ዳላስ በሚባል ቀበሌ፣ የብሩይ ጎጆዎች አሉ። ከሉበሮን የሚለዩት በጣሪያቸው ነው። ግድግዳው ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው ግን «ሎዝ» በሚባል ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ወደ ሰማይ የሾለ ነው። ከሩቅ ሲታይ ክረምት ያከበደው የሣር ክዳን ይመስላል። የግል ይዞታ ቢሆንም በትኬት ይገባል፤ ሥፍራው ትንሽ ስለሆነ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ባቡሩ ጥሩ ነው፤ ከቦርዶ የሚመጣው መስመር ማብቂያው ሳርላ ነው። ከሳርላ ወደ ካዙሌስ የሚወስድ፣ በቀድሞ ሐዲድ ላይ የተሠራ የብስክሌት መንገድም አለ፤ በዶርዶኝ ወንዝ አካባቢ ለመንሸራሸር ምቹ ነው። ችግሩ ጎጆዎቹ በተቃራኒው አቅጣጫ መሆናቸው ነው፤ ወደ እነሱ የሚወስደው ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቅበት ነው። ዋናው መንገድ መኪና ይበዛበታል፤ በመንደሮቹ መካከል የሚሽሎከለኩትን ትንንሽ መንገዶች ቢይዙ ይረዝማል እንጂ አይቆጩም።

ከብሩይ ውጭ ጎጆዎቹ ተበታትነው ስለሚገኙ ፔሪጎር የጎጆ ብቻ ጉዞ አይሆንም። ዋሻውን፣ ግንቡን፣ ወንዙን ጨምሮ ለሚያይ ሰው ነው። በጾም ወራት ለሚሄዱ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ የዚህ አገር ምግብ ከዳክዬና ከዝይ ስብ አይለይም፣ ድንቹ ሳይቀር በእሱ ይጠበሳል። የለውዝ ዳቦና የገበያ ፍራፍሬ ያወጣዎታል።

## ኬርሲ፦ የእኔ ምርጫ

እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ክፍል ከሌሎቹ ያስረዘምኩት ስለምወደው ነው። ግን ምክንያት አለኝ።

ኬርሲ በሎትና በሴሌ ወንዞች የተሰነጠቀ የኖራ ድንጋይ አምባ ነው። አምባውን «ኮስ» ይሉታል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ300 እስከ 400 ሜትር። ዛሬ አጫጭር የባሉጥ ዛፎች የሸፈኑት፣ ሰው የሳሳበት አገር ነው። እንዲህ አልነበረም። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ብዙው የወይን ማሳ ነበር። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ ወይኑን አጠፋው፤ ገበሬው ተሰደደ፤ ከዚያ የ1914ቱ ጦርነት የቀረውን ወንድ ወሰደው። ማሳው ጫካ ሆነ። ጎጆዎቹ ግን የሚፈርስ እንጨት ስለሌላቸው ቆመው ቀሩ። ዛሬ በዛፎቹ መካከል የሚያገኟቸው ለዚህ ነው፤ ጎጆውን የሠራው ሰው ሲሠራው ዛፉ አልነበረም።

ይህ ታሪክ ለብስክሌተኛው ተግባራዊ ትርጉም አለው። በበጋ ቅጠሉ ጎጆውን ይሸፍነዋል፤ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ግን ዛፉ ሲራቆት፣ በጁን ሳያዩ ያለፉት ጎጆ ከመንገዱ ሃያ ሜትር ላይ ቆሞ ያገኙታል። ለኬርሲ ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ወርቅ ነው።

ጎጆዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። «ጋርዮት» ብዙ ጊዜ በአጥሩ ካብ ውስጥ የተፈለፈለች፣ አንድ ሰው ከዝናብ የምታስጠልል ትንሽ ጓዳ ናት። «ካዜል» ራሱን ችሎ የቆመው ጎጆ ነው። በአነጋገር ግን ሰው ስሞቹን ያቀላቅላቸዋል፤ አይከራከሩ። የካብ አጥሮቹ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ስለሚሄዱ፣ ከብስክሌት ኮርቻ ላይ ሆነው ብዙዎቹን ሳይወርዱ ያዩአቸዋል። ከመኪና ውስጥ የማይታይ፣ በእግር ለሚሄድ የሚርቅ ነገር እዚህ ላይ ለብስክሌት ልክ ነው።

አሁን ወጥመዱን ልንገርዎ። ከሉበሮን ያነበቡትን ይዘው የኬርሲን ካርታ ሲገልጡ «ላ ቦሪ» የሚል የቦታ ስም በየቦታው ያያሉ። እኔ ከእነዚህ ሦስቱን መርጬ ግማሽ ቀን ስዞር ዋልኩ፤ ያገኘሁት ሦስት የከብት ጋጣና አንድ የሚጮህ ውሻ ነው። በደቡቡ የኦክሲታን ቋንቋ ቃሉ የእርሻ ቤት ማለት ነው፤ ለድንጋይ ጎጆ መጠሪያ ያደረጉት ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ስለዚህ በኬርሲና በፔሪጎር «ቦሪ» የሚለውን ይለፉት፤ ያንን «ካብ» የሚለውን ምሕጻር ይፈልጉ። ከመንግሥት ካርታ ድርጅት ካርታዎች 1፡25,000 መጠን ያለውን ይያዙ፤ ከዚያ ያነሰው ጎጆ አያሳይም።

መንገዱን እንዲህ ቢያደርጉት ይመቻል። ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ ወደ ቱሉዝ በሚሄደው ባቡር ካኦር ይውረዱ። የ14ኛው ክፍለ ዘመኑን የቫላንትሬ ድልድይ አይተው በሎት ሸለቆ ወደ ሴን-ሲር-ላፖፒ ይንዱ። እዚያ ይደሩ። ማግስቱን ወደ ሊሞኝ ከሸለቆው ወደ አምባው ይውጡ፤ ዳገቱ ያለው እዚህ ነው፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ይጨርሱት። ከሊሞኝ ወደ ካዣርክ፣ ከካዣርክ በግሬያሉ በኩል ወደ ፊዣክ። ግሬያሉ አካባቢ ከጎጆዎቹ እጅግ የሚቀድሙ የመቃብር ድንጋዮች፣ ዶልሜኖች፣ አሉ። የእግር ተሳላሚዎቹ የቅዱስ ያዕቆብ መንገድም በዚያው ያልፋል፤ ስለዚህ ርካሽ የማደሪያ ቤቶች አይጠፉም። ጠቅላላው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ያለ ጥድፊያ። ፊዣክም ባቡር ጣቢያ አለው።

ጉድለቱን አልደብቅም። አምባው ላይ ውሃ የለም፤ የኖራ ድንጋዩ ዝናቡን ይጠጣውና ወንዙ ከሥር ይሄዳል። ሁለት ሊትር ሳይዙ አይውጡ። ሱቅ ከመንደር መንደር ይርቃል። ጎሚስታ ደግሞ ይረሱት፤ ጎማው ቢፎርት ካላማዳሪያና መንፊያ የእርስዎ ነው። በየመንገዱ ዳር በአጥር የተከለሉ የባሉጥ ዛፎች ካዩ አይግቡ፤ ከሥራቸው ትሩፍ የተባለው ውድ እንጉዳይ ይበቅላልና ባለቤቶቹ አይቀልዱም። ክረምት ላይ በላልባንክ ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ ይቆምለታል፤ ሳይገዙም ሽታውን ማሽተት ይቻላል። ሌሊቱ ደግሞ በፈረንሳይ ጨለማቸው ከሚነገርላቸው ሰማዮች አንዱ ነው።

## ደቡብ ቡርጎኝ፦ ለእግር የሚራራው

በማኮን፣ በቱርኑና በሻሎን አካባቢ ያሉት «ካዶሎች» የወይን ሠራተኛ መጠለያ ናቸው። ትንሽ ናቸው፣ ቁጥራቸውም ከኬርሲ ያንሳል። ከቱርኑ አቅራቢያ በፕሎት መንደር እነሱን ተከትሎ የሚዞር የእግር መንገድ አለ፤ ብስክሌትዎን አስረው ይዙሩት።

የቡርጎኝ ኃይሉ መንገዱ ነው። ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የብስክሌት መንገድ በ1997 ሲከፈት በፈረንሳይ የዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር። የባቡር ሐዲድ የነበረ ስለሆነ ዳገት የሚባል የለውም። ከክሉኒ ወደ ማኮን ሲቀጥል 1.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ያሳልፋል፤ ዋሻው በክረምት ለሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል፤ ያኔ ኮረብታውን መዞር ነው። ማኮንም ቱርኑም ሻሎንም ባቡር ጣቢያ አላቸው፣ ያውም በአንድ መስመር ላይ፤ ደከመኝ ያለ ሰው የትም ላይ ማቋረጥ ይችላል።

በወይን ለቀማ ሰሞን፣ ብዙ ጊዜ በሴፕቴምበር፣ ወደ ማሳው መግባት ነውር ነው። ጎጆው አሥር ሜትር ላይ ቢታይም ከመንገዱ ሆነው ይዩት።

## ኒም ዙሪያ፦ የክረምቱ

«ካፒቴሎቹ» ያሉት በደረቁ ቁጥቋጦ ምድር ነው። ከኒም ወጣ ብሎ ከካቬራክ ወደ ሶሚዬር በሚወስደው የቀድሞ ሐዲድ ላይ መንዳትና ከዚያ ወደ ጎን ወደ መንደሮቹ ጠጠር መንገዶች መግባት ይቻላል። ኒም ከፓሪስ በፈጣን ባቡር 3 ሰዓት ያህል ነው። በጃንዋሪ እንኳ ብዙ ጊዜ ፀሐይ አይጠፋም፤ ሌላው አገር ሲያንዘፈዝፍ እዚህ ይነዳል። በበጋ ግን አይሞክሩት፤ ሙቀቱ፣ የእሳት ክልከላው፣ ጥላ ማጣቱ። እሾሁና ስለታሙ ድንጋይ ቀጭን ጎማ አይወዱም።

## ለብስክሌተኛ የማልመክራቸው

የኦቬርኝ «ቡሮኖች» ውብ ናቸው። እረኞች በበጋ አይብ የሚሠሩባቸው የካንታል ተራራ ቤቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በማያያዣ የተገነቡ ስለሆኑ ከእኛ ጎጆ ይለያሉ። አንዳንዶቹ ዛሬ ምግብ ቤት ናቸው። ግን ፓ ደ ፔሮልን የሚያህል ከ1,580 ሜትር በላይ ያለ ማለፊያ ሻንጣ ጭኖ መውጣት ለሠለጠነ እግር ነው። የአሪዬዥ «ኦሪዎች» ደግሞ ብዙዎቹ መንገድ ካበቃ በኋላ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ለእነሱ ብስክሌት ሳይሆን ጥሩ ጫማ ይዘው ይሂዱ።

## ብስክሌቱስ?

የእሽቅድምድም ቀጭን ጎማ ለሉበሮን አስፋልት ይሆናል፤ ለሌላው አያወላዳም። ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት በኒም ጠጠር ላይ ደስ ይላል፣ አስፋልት ላይ ግን ጎማው ጉልበት ይበላል። ለዚህ ጉዞ የሚሻለው መካከለኛው ነው፦ ከ38 እስከ 42 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ለዳገት የሚቀል ማርሽ፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት በሉበሮንና በፔሪጎር በቀላሉ ይከራያል፤ ዳገቱን ይሰርዘዋል ማለት ይቻላል። ግን ከባድ ስለሆነ ባቡር ላይ ማንሣቱ፣ በየማታውም ቻርጅ ማድረጊያ መፈለጉ አለ። ባቡር ከወረዱበት ከተማ መከራየት ከቤት ይዞ ከመሄድ ይሻላል።

## በአንድ ዓይን

| አውራጃ | ጎጆ ከመንገድ መታየቱ | ገብቶ ማየት | ዳገት | ባቡር | ጥሩው ወቅት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሉበሮን | መካከለኛ (ክላፓሬድ ላይ ጥሩ) | በጣም ጥሩ፣ በትኬት | ሸለቆው ሜዳ፣ ጎጆው ዳገት | አቪኞን፣ ካቫዮን | ኤፕሪል–ሜይ፣ ኦክቶበር | ከፍተኛ |
| ፔሪጎር ኖዋር | ትንሽ | ጥሩ፣ በትኬት | የሚፈራረቅ | ሳርላ | ሜይ–ጁን፣ ሴፕቴምበር | መካከለኛ |
| ኬርሲ | በጣም ጥሩ | በነጻ፣ የባለቤቱ ክልክል ከሌለ | ከሸለቆ መውጫው ከባድ፣ አምባው ቀላል | ካኦር፣ ፊዣክ | ማርች–ኤፕሪል፣ ኖቬምበር | ዝቅተኛ |
| ደቡብ ቡርጎኝ | ትንሽ | ጥቂት | ከሁሉ ቀላል | ማኮን፣ ቱርኑ፣ ሻሎን | ሜይ–ጁን | መካከለኛ |
| ኒም ዙሪያ | መካከለኛ | ጥቂት | ቀላል | ኒም | ኖቬምበር–ማርች | መካከለኛ |

## ታዲያ ለማን የትኛው?

ትንንሽ ልጆች ካሉ፣ ወይም ብስክሌት ከነዱ ዓመታት ካለፉ፣ ቡርጎኝ። ጎጆው ጥቂት መሆኑን አምነው ይሂዱ፤ ልጁ 44 ኪሎ ሜትር ያለ መኪና መንዳቱን ነው የሚያስታውሰው። ልጁ ጎጆ ውስጥ መግባት ካለበት ግን የካላቮን መንገድን ይያዙና የቦሪ መንደሩን በአንድ ቀን በታክሲ ይጨርሱት፤ ማንም አይፈርድብዎትም።

ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ወደ ሳርላ። ቅዳሜ ብሩይ፣ እሑድ ወንዙ።

ገንዘብ የሚቆጥር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ጎጆን የምር የሚፈልግ፦ ኬርሲ፣ ያለ ጥርጥር። ጓደኛ ይዞ ቢሄድ ይሻላል፤ አምባው ላይ ግማሽ ቀን ሰው ላያዩ ይችላሉ።

ከገና በዓል በኋላ ፈቃድ ለወጣ ኒም ነው። ፎቶ ለሚያነሣ ደግሞ ሉበሮን፣ በሳምንቱ መካከል፣ ከጠዋቱ ብርሃን ጋር።

## ከመነሣትዎ በፊት

በአገር ውስጥ አጭር ባቡሮች፣ «ቴ-ኤ-ኤር» በሚባሉት፣ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይገባል፤ በበጋ በአንዳንድ መስመሮች ቦታ መያዝ ይጠይቃሉ። በረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ለብስክሌቱ ቦታ መያዝ ግዴታ ነው፣ 10 ዩሮ ያህል፣ ቦታውም ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ጎማውን ፈትተው ከ130 በ90 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ከረጢት ካደረጉት ግን እንደ ሻንጣ ይታያል። ማደሪያ ሲመርጡ «አከይ ቬሎ» የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ ከብስክሌት መስመር በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለና ለብስክሌት የተዘጋ ማቆሚያ ያለው ማለት ነው።

በገጠር ሱቅ ከቀትር በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ይዘጋል፤ ሰኞ ደግሞ ዳቦ ቤት ላያገኙ ይችላሉ። ውሃ ሲያልቅብዎ የመንደሩን መካነ መቃብር ይፈልጉ፤ አበባ ለማጠጣት ቧንቧ አይጠፋበትም። «ኖን ፖታብል» የሚል ካለበት ግን አይጠጡት። ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ የአደን ወቅት ነው፤ ደማቅ ሰደርያ ይልበሱ። ከከተማ ውጭ በማታና ብርሃን ሲያንስ ሰደርያው በሕግም ግዴታ ነው፤ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ሄልሜት።

ጎጆው በር ላይ ሲደርሱ አጥሩ ላይ አይውጡ፤ ከካቡ አንድ ድንጋይ ቢወጣ ሌላው ይከተላል። ከመግባትዎ በፊት ድምፅ ያሰሙ፣ በባትሪ ወለሉን ይዩ፤ እባቡም ተርቡም ጥላውን ይወዱታል። የበሩ ጉበን በአብዛኛው ከደረት አይበልጥም። ስለዚህ ከብስክሌቱ ሲወርዱ ሄልሜቱን አያውልቁ።